ከአሸዋው ይልቅ ስለ ቀዳዳው፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከሚቀጥለው ሥራ ጀምሮ የምንልክላችሁ የፍራኪንግ (ነዳጅ ወይም ጋዝ እንዲወጣ ከመሬት በታች ያለውን ድንጋይ በፈሳሽ ግፊት የመሰንጠቅ) ንድፍ ከለመዳችሁት ለየት ይላል። በየክላስተሩ፣ ማለትም በጉድጓዱ ቧንቧ ላይ ተጠጋግተው በሚበሱ ቀዳዳዎች ስብስብ፣ የሚበሳው ቀዳዳ ያንሳል፣ የፓምፑ ግፊት ደግሞ ከፍ ይላል። «ምን ነካቸው?» ማለታችሁ አይቀርም። ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት እኛው እንንገራችሁ።

ሥራ ባለቀ ቁጥር የምትጠይቁን «ስንት ቶን አሸዋ ገባ?» ብላችሁ ነው። ገንዘባችሁ ነውና ብትጠይቁ አይገርመንም። ግን ስንጥቁ ተመልሶ እንዳይዘጋ የምንልከው አሸዋ ገባ ማለት ለሁሉም ክላስተር ደረሰ ማለት አይደለም።

የውሃ ጎማ ላይ በርከት ያሉ ትልልቅ ቀዳዳዎች ብሱና ቧንቧውን ክፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ውሃውን ይጨርሱታል፣ የመጨረሻዎቹ ጠብ ጠብ ይላሉ። ቀዳዳዎቹን በመርፌ ብትበሷቸው ግን ግፊቱ ጎማው ውስጥ ይያዝና ሁሉም ይረጫል። እኛም የምናደርገው ይኸንኑ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ፍራኪንግ እ.ኤ.አ. በ1947 ካንሳስ ውስጥ ተሞከረ፣ በ1949 ለገበያ ዋለ። ቀዳዳ ቀንሶ ፈሳሹን ማከፋፈል ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ዘዴ ነው።

ከመሬት በታች ያለው ጣጣ ከጎማው ይብሳል። ድንጋዩ ሁሉም ቦታ ላይ እኩል አይጠነክርም። በዚያ ላይ ቀድሞ የተሰነጠቀው ስቴጅ (በአንድ ዙር የሚሰነጠቅ የጉድጓድ ክፍል) አጠገቡ ያለውን ድንጋይ ገፍቶ ያጨናንቀዋል። ፈሳሹ የሚሄደው ወደሚቀለው ነው። አሸዋው ደግሞ ከውሃው ስለሚከብድ ቶሎ አይታጠፍም። በፍጥነት ሲጓዝ የመጀመሪያዎቹን ቀዳዳዎች አልፎ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ውሃው በደንብ ተከፋፍሎ አሸዋው ላይከፋፈል ይችላል ማለት ነው።

ሐሳባችንን ያስቀየረን ግን አንድ ምስል ነው። ከሥራ በኋላ ካሜራ ወደ ጉድጓድ አስገብተን ነበር። በአንዱ ክላስተር የታችኛው ቀዳዳ በአሸዋው ተፍቆ እንቁላል መስሏል። እዚያው ክላስተር ላይ ከላይ በኩል ያለው ቀዳዳ ድቡልቡል እንዳለ ነው፣ አሸዋ ያየም አይመስል። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። በአግድም ጉድጓድ ውስጥ መብሻ መሣሪያው ቧንቧው ወለል ላይ ይተኛል። ለሥር ቅርብ፣ ለጣሪያ ሩቅ ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ከጅምሩ እኩል አልነበሩም፣ አሸዋው ደግሞ ልዩነቱን አሰፋው።

እዚህ ላይ ሒሳቡ ምሕረት የለውም። ፈሳሹ ቀዳዳውን ሲያልፍ የሚጠፋው ግፊት በቀዳዳው ዲያሜትር አራተኛ ርቢ ይወሰናል። 8.4 ሚሊሜትር የነበረ ቀዳዳ ተፍቆ 10.2 ቢደርስ፣ ፍሰቱ ሳይለወጥ ግፊቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጠርዙ ሲሞረድ ደግሞ ፈሳሹ ይበልጥ ስለሚንሸራተት ከዚያም በላይ ይወርዳል። ፈሳሹን ለሁሉም የሚያከፋፍልልን ይኸው ግፊት ስለሆነ፣ ማከፋፈያችን ሥራው ሳያልቅ እጃችን ላይ ያልቃል ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ቀይረናል። አንደኛ፣ በየትኛውም አቅጣጫ ተቀራራቢ ቀዳዳ የሚበሱ ጥይቶች እንጠቀማለን። ሁለተኛ፣ 12 ክላስተር ባለው ስቴጅ በየክላስተሩ 4 የነበረውን ቀዳዳ 3 እናደርጋለን። 48 የነበረው 36 ሲሆን፣ በዚያው ፍሰት የቀዳዳዎቹ ግፊት ወደ 1.8 እጥፍ ይጠጋል። መፋቁ አይቀርም፤ ግን ከፍ ብለን ስለጀመርን እስከ መጨረሻው የሚበቃ ግፊት ይተርፈናል።

ይህ በነፃ አይመጣም። ፓምፖቹ ይበልጥ ይደክማሉ፣ ነዳጅም ይበላሉ። ቧንቧው አርጅቶ ግፊቱን የማይችል ጉድጓድ ካላችሁ እዚያ ላይ አንሞክረውም። ብትለምኑንም እንኳ።

አንድ ነገር ደግሞ እንድትታገሡን እንፈልጋለን። ከአንዳንድ ስቴጆች በፊት ፍሰቱን ደረጃ በደረጃ እየቀነስን፣ በየደረጃው ግፊቱ እስኪረጋ እንጠብቃለን። የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። ቀዳዳ የሚበላው ግፊት ከፍሰቱ ካሬ ጋር ይሄዳል። ከቧንቧው ውጪ ባለው ጠመዝማዛ መንገድ የሚጠፋው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚለወጠው። የግፊቱን አወራረድ አይተን ስንት ቀዳዳ በእውነት እንደተከፈተ እንገምታለን። እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ «ሰዓት ይባክናል» ተብሎ ይዘለል ነበር። እኛም ራሳችን ዘለነው እናውቃለን።

ከእናንተ የምንፈልገው የቧንቧውን የግፊት አቅም፣ በአቅራቢያው ያሉትን የቆዩ ጉድጓዶች ዝርዝርና የቀድሞ ሥራዎችን የፓምፕ መረጃ ነው። መረጃው በየሰከንዱ የተመዘገበው ጥሬ ፋይል ይሁን። ያማረው የማጠቃለያ ሪፖርት ለዚህ ሥራ አይጠቅመንም።

ከሰላምታ ጋር፣
የጉድጓድ ንድፍ ክፍል