እማዬ፣ ካሜራው አልተበላሸም ነበር

እማዬ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? መድኃኒቱን በራስሽ ጊዜ እንዳቆምሽ ከእህቴ ሰምቻለሁ። እሱን በኋላ እንነጋገራለን። ዛሬ የምናዘዘው እኔ ነኝ።

በስልክ ብነግርሽ ገና ሳልጨርስ ትጮሂብኛለሽ፣ ለዚህ ነው የጻፍኩት። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ከሁሉ በፊት ግን ደህና ነኝ፣ ምንም የጎደለኝ ነገር የለም።

ሐምሌ ላይ "ቤተ መጻሕፍት ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን እየሠራሁ ነው" ያልኩሽ ውሸት ነው። ብስክሌት ላይ ነበርኩ። የራይንን ወንዝ ተከትዬ ከስዊዘርላንድ ጫፍ እስከ ሰሜን ባሕር እየወረድኩ ነበር። ካሜራውም አልተበላሸም። ለምን እንዳጠፋሁት እደርስበታለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ።

ልጅ ሆኜ ብስክሌት ግዙልኝ ስል "ትሰበሪያለሽ!" ብለሽ መከልከልሽን አልረሳሁም። ቂም ይዤ አይደለም። ግን ሆላንድ ስመጣ ብስክሌት የማይችል ትልቅ ሰው መሆን ምን ያህል እንደሚያሳፍር ብታይ ታዝኚልኝ ነበር። አገሩ ውስጥ ሰዉ ወደ 18 ሚሊዮን ነው፣ ብስክሌቱ ግን ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል። ዩትሬክት ባቡር ጣቢያ ሥር ያለው ማቆሚያ ብቻ 12,500 ብስክሌት ይይዛል፤ መጀመሪያ ቀን የኔን የት እንዳቆምኩት ጠፍቶኝ ላልቅስ ምንም አልቀረኝም። አያቶች በብስክሌት ገበያ ይሄዳሉ፣ እናቶች ሁለት ልጅ ከፊትና ከኋላ ጭነው በዝናብ ይከንፋሉ። እኔ ብቻ በእግሬ።

አንዲት የክፍሌ ልጅ ማታ ማታ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ላይ አስተማረችኝ። በሁለት ሳምንት ቻልኩ። እዚህ ያለው ተራ ብስክሌት ብዙ ጊዜ የእጅ ፍሬን የለውም፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጪው ነው የሚቆመው። ከሌላ አገር ብስክሌት ችለው የመጡት በዚህ ይቸገራሉ፣ እኔ ግን ሌላ ስለማላውቅ ምንም አልከበደኝም። "እግዜር ሲያውቅልኝ ነው ዘግይቼ የተማርኩት" ብዬ ሁሉ ነበር። ይህችን የፍሬን ነገር ያዢልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ከዚያ ለጉዞ ብዬ ማርሽ ያለውና የእጅ ፍሬን ያለው አሮጌ ብስክሌት ከአንድ ተመራቂ ተማሪ ገዛሁ። ራይንን የመረጥኩት በራሴ ሒሳብ ነው። ወንዝ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ከወንዝ ጋር የሚሄድ ሰው ዳገት የለበትም። ሳቂ አትሳቂ፣ ከሞላ ጎደል ትክክል ነበርኩ። ለብስክሌቱም ለብቻው ትኬት ቆርጬለት፣ ባቡር ስቀያይር ውዬ ከስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ያለችው የጀርመን ከተማ፣ ኮንስታንስ ደረስኩ። እዚያ ድልድዩ ጋ የወንዙ ኪሎሜትር ዜሮ ብሎ ይጀምራል። ዳር ዳሩን ለመርከበኞች የተተከለ ሰሌዳ አለ፣ እየቆጠረ እየቆጠረ ሄዶ ባሕሩ ጋ ሆክ ቫን ሆላንድ 1036 ላይ ያልቃል። መንገዱ ስለሚጠማዘዝ ለብስክሌት ከዚያም ይረዝማል። እኔ ሃያ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ከዚያ ውስጥ ሦስቱን ተኝቼ ነው ያሳለፍኩት። ለምን እንደተኛሁም እመጣበታለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንደሚያምሩ! ሻፍሃውዘን ላይ ያን ትልቅ ወንዝ ወርዶ ሲከሰከስ አየሁት። ቁመቱ 23 ሜትር ብቻ ነው፣ ስፋቱ ግን 150 ሜትር፣ ድምፁ ሆድሽ ውስጥ ነው የሚሰማሽ። ባዝል ስደርስ ደግሞ ሰው ከሥራ ሲወጣ ልብሱን ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ከትቶ፣ ቦርሳውን አቅፎ፣ በወንዙ እየተንሳፈፈ ቁልቁል ይሄዳል። ከቢሮ ወደ ቤት በወንዝ! እዚያው ሞተር የሌላቸው ጀልባዎች አሉ፣ ከላይ በተዘረጋ ገመድ ታስረው ውኃው ራሱ እየገፋ ያሻግራቸዋል። አንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳፈርኩ፣ ሁለተኛው እንዲሁ ለጨዋታ ነው።

ከባዝል አለፍ ስትዪ ለእግረኛና ለብስክሌት ብቻ የተሠራ 248 ሜትር ድልድይ አለ። ከጀርመን ገብተሽ ፈረንሳይ ትወጫለሽ። ለቪዛ ስንት ወረቀት እንደተሸከምኩ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እዚህ ግን ሁለት አገር መሃል ቆሜ ሙዝ ስበላ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። በጉዞው ሁሉ አራት አገር ረገጥኩ፣ አንድም ቀን ፓስፖርት አልተጠየቅኩም። (ይዤው ነበር፣ በላስቲክ ጠቅልዬ። ልጅሽ ነኝ እኮ።)

እሺ፣ አሁን ወደ ካሜራው።

ስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንድ ከተማ ውስጥ ነው። ስሟን አልጽፍልሽም፣ ከተማዋ ምንም አላጠፋችም። እየዘነበ ነበር። መንገዱ መሃል የትራም ሐዲድ አለ። የትራም ሐዲድ ስትሻገሪ ፊት ለፊት ቀጥ ብለሽ ነው፤ ጎን ለጎን ከሄድሽ ጎማሽ እስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ይህን አውቃለሁ። ግን አንድ መኪና በድንገት ከጎኔ ወጣ፣ ደነገጥኩ፣ እግሬ እንደለመደው ፔዳሉን ወደ ኋላ ረገጠ። በዚህ ብስክሌት ላይ ደግሞ ወደ ኋላ ብትረግጪ ባዶውን ነው የሚሽከረከረው። ፍሬኑ እጄ ላይ መሆኑ ትዝ ሲለኝ ጎማው ሐዲዱ ውስጥ ነበር፣ እኔ ደግሞ መሬት ላይ። አገጬ ተከፈተ፣ ግራ እጄ አንጓው ላይ ወለም አለ። ቀና ብዬ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰለሽ? "እማዬ ያለችው ደረሰ።"

አንዲት ሴትዮ መጣች። በአንቺ ዕድሜ ትሆናለች። የምትለውን አንድ ቃል አልሰማሁላትም፣ እሷም የኔን። ዣንጥላዋን ዘርግታ እኔ ላይ ያዘችልኝ፣ እሷ ግን ጸጉሯ እስኪንጠባጠብ ራሰች። እሷም ግቢ ብዬ በእጄ ብጠቁማት ራሷን እየነቀነቀች እንቢ አለች። አምቡላንሱ እስኪመጣ እንዲሁ ቆመን ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳት። እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አራት ቦታ ሰፉኝ። ቁስሉ ገና በፋሻ እንደታሸገ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ጠራ። አንቺ ነሽ። በቪዲዮ። ዘጋሁና በድምፅ ደወልኩልሽ፣ "ካሜራው ተበላሽቷል" አልኩሽ። "ድምፅሽ ምን ሆነ?" አልሽኝ። አገጬ ደንዝዞ አፌ በደንብ አይከፈትም ነበር፣ "ጉንፋን ነው" አልኩ። "በልተሻል?" አልሽኝ። በልቻለሁ አልኩሽ። አልበላሁም ነበር እማዬ። ስልኩን ዘግቼ ያለቀስኩት ስለወደቅኩ አይደለም።

ሦስት ቀን አንድ የወጣቶች ማደሪያ ውስጥ ተኛሁ። በባቡር መመለስ እችል ነበር፣ ትኬቱንም አይቻለሁ። ግን ብመለስ ኖሮ ሁለተኛ ብስክሌት ላይ የምወጣ አይመስለኝም። በአራተኛው ቀን ቀስ ብዬ ቀጠልኩ፣ እያንዳንዱ ሐዲድ ጋ ስደርስ እየወረድኩ፣ እየገፋሁ።

እየገፋሁ ማንሃይም ደረስኩ። ካርል ፎን ድራይስ የሚባለው ሰው የብስክሌት ሁሉ እናት የሆነችውን የእንጨት ማሽኑን በ1817 መጀመሪያ የነዳው ከዚህች ከተማ ተነሥቶ ነው። ፔዳል የላት፣ ካቴና የላት፣ መሬቱን በእግር እየገፉ ነው የሚሄዱት። እኔም ያን ሰሞን ከዚያ የተሻለ አልነበርኩም።

ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው ነገር ግን... እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ወንዙ ተራራ መሃል ይጠባል፣ ግራና ቀኝ ተራራው ጫፍ ላይ አሮጌ ግንብ ነው፣ አንዱን ሳልፍ ሌላው ይመጣል። ካውብ ላይ አንዱ ግንብ ጭራሽ ወንዙ መሃል ቆሟል፤ ድሮ መርከብ እያስቆሙ ቀረጥ ይቀበሉበት ነበር። ሎረላይ የሚሉት 132 ሜትር ገደል አለ፣ ወንዙ እዚያ ጋ ስለሚጠማዘዝ ስንት መርከብ በልቷል። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድም ድልድይ የለም፣ መሻገር የፈለገ ጀልባ ይጠብቃል። ውበቱን አየሁ እንጂ እንቅልፍ ግን አላየሁም። በወንዙ በሁለቱም በኩል ሐዲድ አለ፣ የዕቃ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ድንኳኔን እያንቀጠቀጠ ያልፋል። ድንኳን ውስጥ ነበር የማድረው፣ አዎ። በአጥር ውስጥ፣ የሚከፈልበት፣ ሻወር ያለው ቦታ ነው፣ አትጩሂ።

ኮሎኝ ላይ ካቴድራሉን አየሁት። በ1248 ጀምረው በ1880 ነው የጨረሱት። የመመረቂያ ጽሑፌ ዘገየ ብለሽ ስትቆጪኝ ይህን አስቢልኝ።

ከኮሎኝ በኋላ ሒሳቤ ተበላሸ። ወንዙ እውነት ወደ ታች ይወርዳል። ነፋሱ ግን ከባሕር ወደ ላይ ነው የሚመጣው! ሜዳ ላይ፣ ዛፍ በሌለበት፣ ፊት ለፊት ይገፋሻል። ፔዳል ካልረገጥሽ ቁልቁለት ላይ እንኳ ትቆሚያለሽ። አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ነድቼ 40 ኪሎሜትር አልሞላሁም። ያን ቀን ነው ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ያገኙኝ፣ በባትሪ የሚታገዝ ብስክሌት ነው የያዙት። ሴትየዋ 71 ዓመቴ ነው አለችኝ። ሁኔታዬን አየችና "ከኋላዬ ተጠጊ፣ ጎማዬ ሥር ሁኚ" አለችኝ። እሷ ፊት ሆና ነፋሱን ትሰነጥቀዋለች፣ እኔ ከጀርባዋ እነዳለሁ። ሁለት ቀን እንደዚያ ሄድን። ባልየው ከኔ ኋላ ነበር፣ አንድ ቀን የተሰበረች የጎማዬን ራጂም ቀየረልኝ። ጀርባዋን እያየሁ አንቺ ባትሪ ያለው ብስክሌት ላይ ስትቀመጪ አሰብኩና ብቻዬን ሳቅኩ።

ሆላንድ ከገባሁ በኋላ ቀላል ነው። መንገዱ ሁሉ መገናኛው ላይ ቁጥር አለው፣ ጠዋት የምታልፊባቸውን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ጽፈሽ መሪው ላይ ታጣብቂያለሽ፣ ካርታ አያስፈልግሽም። ኪንደርዳይክ ላይ አሥራ ዘጠኝ የነፋስ ወፍጮ ተደርድሮ አየሁ፤ እህል ለመፍጨት አይደለም፣ ከመሬቱ ላይ ውኃ ለመቅዳት ነው የተሠሩት። ሮተርዳም ደግሞ ከወንዙ ሥር በ1942 የተከፈተ ዋሻ አለ፣ ለብስክሌት የራሱ መተላለፊያ ያለው። የሚያወርድሽ የእንጨት ተንቀሳቃሽ ደረጃ ነው፣ ብስክሌትሽን ይዘሽ ቆመሽ ትወርጃለሽ። እሱን ስወርድ ከውድቀቴ በላይ ፈራሁ።

ከዚያ ባሕሩ። አሸዋው ላይ ብስክሌቱን አስተኝቼ ደወልኩልሽ፣ ትዝ ይልሻል? "ይሄ ድምፅ ምንድነው?" ስትዪኝ "ማራገቢያ ነው፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይሞቃል" አልኩሽ። የሰሜን ባሕር ነፋስ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ለማን ልናገር ብዬ ደወልኩ፣ ደውዬ ደግሞ ስለ ማራገቢያ አወራሁ። ያን ቀን ነው እንደዚህ እንደማልቀጥል የወሰንኩት።

ምክንያቱም የሚቀጥለው ክረምት በዳኑብ ዳር፣ ከፓሳው እስከ ቪየና መሄድ እፈልጋለሁ። ከ300 ኪሎሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ የአንድ ሳምንት ነገር ነው፣ ከመጀመሪያው ጋር ሲተያይ ሽርሽር ነው። ሄልሜት ገዝቻለሁ። እዚህ አገር ሄልሜት የሚያደርግ ጥቂት ነው፣ ሲያዩኝ ቱሪስት እመስላቸዋለሁ፣ ግድ የለኝም። የጉዞው ብስክሌት ላይ ደግሞ ፍሬኑን እጄ እስኪለምደው ድረስ ለወር ያህል ባዶ ቦታ ላይ ተለማምጃለሁ። አንቺ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። አትፍሪ አልልሽም። ግን በየማታው የት እንደደረስኩ፣ የት እንደማድር፣ እውነቱን እየነገርኩሽ ልሂድ።

እሁድ እደውላለሁ፣ በቪዲዮ። ጠባሳው አገጬ ሥር በስተግራ ነው፣ ትንሽ ናት፣ ቀና ካላልኩ አትታይም፣ ግን አንቺ ታገኛታለሽ። አይተሽ ስትጨርሺ ደግሞ ያን መድኃኒት አምጪና ካሜራው ፊት እያየሁሽ ዋጪው።