የመዳብ ቁፋሮ ዜና ሲታተም ሰንጠረዡም አብሮ ይታተም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

የመዳብ ፍለጋ ኩባንያዎች የቁፋሮ ውጤት ባወጡ ቁጥር ዜናውን አሳጥራችሁ ታትማላችሁ። እዚህ ቫንኩቨር ውስጥም ያው ዜና በቴሌግራም ይዞራል፤ ዕቁብ ደርሶት ገንዘቡን በሙሉ አክሲዮን የገዛበት ሰው አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ፣ ከረጅሙ መግለጫ ተርፎ አንባቢ ጋ የሚደርሰው የምርጡ ጉድጓድ ምርጥ ቁጥር ብቻ መሆኑ ነው። እኔ የምተዳደረው በማዕድን ላቦራቶሪ ናሙና በማዘጋጀት ነው። ከጉድጓድ የወጣውን ዓለት አደርቃለሁ፣ እፈጫለሁ፣ ለምርመራ አሳልፋለሁ። አብዛኛው ናሙና ባዶ ወይም ባዶ ሊባል የሚችል ነው።

«60 ሜትር በአማካይ 0.9 በመቶ መዳብ፣ ከዚህም ውስጥ 6 ሜትሩ 7.5 በመቶ» የሚል መግለጫ ወጣ እንበል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ሁለት የምሥራች ያነበዋል። እስኪ እናስላው። 60 በ0.9 ሲባዛ 54 ይሆናል፤ 6 በ7.5 ደግሞ 45። ከ54ቱ 45ቱ ሲቀነስ፣ ለቀረው 54 ሜትር ዓለት የሚተርፈው 9 ብቻ ነው፤ ይህም በአማካይ 0.17 በመቶ ገደማ ይመጣል። እንዲህ ያለ ዓለት አብዛኛውን ጊዜ የማውጫውን ወጪ እንኳ አይመልስም። ኩባንያው አልዋሸም፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ልክ ናቸው። ያለው ግን 6 ሜትር ነው።

6 ሜትሩም ቢሆን ይጠየቅ። መሰርሰሪያው የማዕድኑን ንጣፍ ቀጥ ብሎ ካቋረጠው 6 ሜትር ያው 6 ሜትር ነው። የንጣፉን ዝንባሌ ተከትሎ ከወረደ ግን 2 ሜትር ውፍረት ያለውም ንጣፍ 6 ሜትር ሆኖ ይመዘገባል። «እውነተኛ ውፍረቱ ገና አልታወቀም» የምትለው ዓረፍተ ነገር ሁልጊዜ ከመግለጫው ግርጌ ናት። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

ጥልቀቱም አብሮ ይታይ። ወደ መሬት የሚሰርገው የዝናብ ውኃ ከላይ ያለውን መዳብ አጥቦ ከታች ያከማቸዋል። እዚያ የሚገኘው ቻልኮሳይት የሚባለው የመዳብ ማዕድን 80 በመቶ ገደማው መዳብ ነው፤ ከሥር ውኃው ያልነካው ሌላው የመዳብ ማዕድን፣ ቻልኮፓይራይት፣ ግን 35 በመቶ ያህል ብቻ ይይዛል። በ40 ሜትር የተገኘ ይዘት በ200 ሜትርም ይደገማል ማለት አይቻልም። የጎረቤታችን የኤርትራ ቢሻ ማዕድን ማውጫ ጥሩ ማሳያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ሲጀምር ከላይ ወርቅ አወጣ፣ በ2013 ወደበለጸገው መዳብ ወረደ፣ ከዚያ በታች ዚንክ የበዛበት ክፍል ጠበቀው።

ሰው ሁሉ የሚያነሳብኝ ብሬ-ኤክስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወደቀው ይህ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ አገኘሁት ያለው ወርቅ ናሙናው ላይ የተጨመረ ነበር፤ ግማሹ ለማረጋገጫ መቀመጥ የነበረበትን ዓለትም ሙሉ በሙሉ ፈጭተውታል። ወርቅ የሚለካው በቶን በግራም ስለሆነ ጥቂት ብናኝ ይበቃል። 1 በመቶ መዳብ ግን በቶን 10 ኪሎ ነው፤ ያን ያህል ሰርጎ ማስገባት ከባድ ነው። ለዚህ ነው በመዳብ ዜና ናሙናው ከመነካካቱ ይልቅ የሚነገረው ቁጥር አመራረጥ የሚያሰጋኝ።

ጥሩ ጉድጓድ የለም እያልኩ አይደለም። በሞንጎሊያው የኦዩ ቶልጎይ የመዳብና የወርቅ ማዕድን ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቆፈረው 150ኛው ጉድጓድ 508 ሜትር ሙሉ በአማካይ 0.81 በመቶ መዳብ፣ ከዚያም በላይ በቶን 1.17 ግራም ወርቅ አሳይቷል። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ምርት የተላከው በ2013 ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ፈላጊ ኩባንያ የሚኖረው አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ነው፤ ቀድሞ የገዛው ሰው ድርሻም በዚያው ልክ ያንሳል።

አሁን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ አንድ ቀን የማዕድን ፈላጊ ኩባንያዎችም ሊመዘገቡበት ይችላሉ። ልማዱን ከአሁኑ ብንይዝ ደስ ይለኛል። የቁፋሮ ዜና ስታትሙ የተቆፈሩትን ጉድጓዶች ብዛት፣ ምንም ያልተገኘባቸውን ጭምር፣ የእያንዳንዱን ጥልቀትና ማዕዘን፣ ኩባንያው ያወጣውን የአክሲዮን ብዛትም አስገቡልን። ቦታ ካነሰ ፎቶው ይቅርና ይህን ሁሉ የያዘው ሰንጠረዥ ይግባ።

ከአክብሮት ጋር
የማዕድን ናሙና አዘጋጅ፣ ቫንኩቨር፣ ካናዳ