አንድ ሃርድ ዲስክ ለሁሉም ተማሪ ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሳተላይት ሲመጥቅ ትዘግባላችሁ። ከመጠቀ በኋላ የሚልከው ዳታ ግን እምብዛም አይነሳም። ስለዚህ ጉዳይ ጥቂት ቦታ እንድትሰጡኝ እለምናለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፔስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ምድርን የከበበውን ፕላዝማ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ፣ የሚለኩ የብዙዎቹ ሳተላይቶች ዳታ ለማንም ክፍት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 2015 የመጠቁት አራቱ የናሳ ኤምኤምኤስ መንኮራኩሮች ኤሌክትሮኖችን በየ30 ሚሊሰከንዱ ይለካሉ። የምድርን የመግነጢስ መስክ የሚለካው የአውሮፓ የሳተላይቶች ቡድን ስዋርም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በእኛም ሰማይ ላይ ይመላለሳል። ማንበቢያውም ነጻ ነው። ድሮ አይዲኤል የሚባል፣ ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበር። አሁን ፓይስፔዳስ የሚባል፣ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ሶፍትዌር አለ። ተማሪው የሳተላይቱን ስምና ቀኑን ይጽፋል፣ ፋይሉ ይወርዳል፣ በሚቀጥለው መስመር ግራፉ ይወጣል።

የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። የሜይ 10 ቀን 2024ን ታላቅ የጂኦማግኔቲክ ማዕበል፣ ማለትም ፀሐይ ያስነሳችውን የምድር መግነጢስ መስክ መናወጥ፣ አጥኑ ስንላቸው፣ ሁሉም ያንኑ ፋይል ለየብቻቸው ሲያወርዱ ይውላሉ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ መብራት ይሄዳል፣ እንደገና ከሀ ይጀምራሉ። ጎበዝ ተማሪዎች በዚህ ተሰላችተው ርዕስ ሲቀይሩ አይቻለሁ።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ የወረደውን ፋይል አንድ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ፎልደሩ የት እንደሚሆን እኛ መወሰን እንችላለን። ኢንተርኔት ሳይነካ ካለው ፋይል ብቻ እንዲያነብ ማዘዝም ይቻላል። ስለዚህ ላብራቶሪው ውስጥ ሁሉም ኮምፒውተሮች የሚያገኙት አንድ ሃርድ ዲስክ ከተቀመጠ፣ አንዱ ያወረደው ለሁሉም ይሆናል።

ተማሪዎችን ሲያሳስት የማየው ሌላው ነገር ሰዓት ነው። ዳታው የሚመጣው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። በማግኔታዊው ወገብ ላይ፣ ማለትም በእኛው ሰማይ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈሰው የኤሌክትሪክ ጅረት የሚበረታው ቀትር አካባቢ ነው። የእኛ ቀትር ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት 9 ስለሆነ፣ ግራፉ ላይ 9 ተብሎ ይታያል። ተማሪው አይቶ "ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረታ" ብሎ ይጽፋል። በእኛ አቆጣጠር እኮ ስድስት ሰዓት ነው! ይህን ሶፍትዌሩ አያርምለትም፤ አጠገቡ ያለ መምህር ነው የሚያርመው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የጂኦማግኔቲክ ጣቢያ ያላት ከተማ ናት። የሳተላይቱን ግራፍ ከመሬቱ ልኬት ጋር ማስተያየት ለእኛ ተማሪዎች የቅርብ ሥራ መሆን ነበረበት።

የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ አንድ ዲስክና አንድ ኃላፊነት የሚወስድ ቴክኒሻን ይመድቡልን። ማውረዱ ኔትወርክ በሚፈጥንበት በሌሊት ይሁን። በቅድሚያ የስዋርምን የመግነጢስ መስክ ዳታ ይሙሉበት። ከኤምኤምኤስም ቀለል ያለውን የዘወትር ዳታ ይጀምሩ። በጣም ዝርዝሩ ፋይል ከባድ ስለሆነ ተማሪው ለሚፈልጋት ደቂቃ ብቻ ቢወርድ ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የፊዚክስ መምህርት