ዘጌ ደሴት አይደለም፣ ሰውም ይኖርበታል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ጣና ገዳማት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ብዙ ሰው ስላነበበው እንደገና አልተርከውም። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የኡራ ኪዳነ ምሕረት የግድግዳ ሥዕል እንዲህ ጥርት ብሎ ሲወጣ ሳይ ደስ ብሎኛል፣ አልክድም። ግን መሃል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። «ጥቂት መነኮሳት ብቻ የሚኖሩበት የዘጌ ደሴት» ይላል።

ዘጌ ደሴት አይደለም።

እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት፣ እዚያው ነው ያደግኩት። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴ ግን ዛሬም አፋፍ በምትባለው የዘጌ የገበያ መንደር ናት። ልጠይቃት ስሄድ መናኸሪያ ሄጄ መኪና እይዛለሁ፣ አቧራውን እየጠጣሁ አፋፍ እወርዳለሁ። አንድም ጊዜ ውሃ አልሻገርም። ዘጌ በሦስት ጎኑ ጣና ነው፣ በአንዱ ጎኑ ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ባሕረ ገብ መሬት ይባላል። ሕፃናት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የሚማሩት ነገር ነው፣ ካርታ የከፈተ ሰው ሁሉ ያየዋል።

ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ይገባኛል። እንግዳው ባሕር ዳር ያድራል፣ ጠዋት ጀልባ ይከራያል፣ አንድ ሰዓት ገደማ በሐይቁ ላይ ይጓዛል፣ ወደቡ ላይ ይወርዳል። በጫካው ውስጥ ባለችው መንገድ ይወጣል። ግራና ቀኝ የብራና ሥዕልና ትንንሽ ታንኳ የሚሸጡ ልጆች ይቆማሉ። አዝዋ ማርያምን ያያል፣ ኡራን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለምሳ ባሕር ዳር ይመለሳል። በጀልባ ስለመጣ ደሴት የደረሰ ይመስለዋል። ሥዕልና መስቀል ስላየ ሁሉም ሰው መነኩሴ ይመስለዋል። ለጎብኚ ይህ ይቅር ይባላል። ጋዜጠኛ ግን ቢያንስ አንዱን የሥዕል ሻጭ ልጅ «ቤትህ የት ነው? እናትህ ምን ትሠራለች?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ያ ልጅ እኮ ከመነኩሴ አልተወለደም!

እኔም ሴት ነኝ። በእናንተ ዘገባ ከሄድን እዚያ መወለድ አልነበረብኝም።

ደግሞስ ደሴት ቢሆን ኖሮ ሰው የለበትም ማለት ነው ወይ? ጣና ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ በእርግጥም የመነኮሳት ናቸው፣ ሴትም አይገባባቸውም። ደቅ ግን ደሴት ሆኖ ገበሬ ሞልቶበታል፣ ይታረሳል፣ ከብት ይረባበታል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ሴት ይገባል፣ እኔ ራሴ ስንት የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ላይ እልል ብያለሁ። እዚያ የሚቀድሱት ቄሶች ሚስት ያላቸው፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ ልጆቻቸው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ ናቸው።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ «ለአንዲት ቃል ይህን ያህል?» ሊል ይችላል። አዎ፣ ለአንዲት ቃል። ይቺ ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ተከትላኛለች።

ለትምህርት ባሕር ዳር ስመጣ የክፍል ጓደኞቼ «አባትሽ መነኩሴ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። በኋላ ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ለማስረጃ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የትውልድ ቦታዬን ጠየቀችኝ። «ዘጌ» አልኳት። «ዘጌ ገዳም ነው እኮ፣ የሰው መኖሪያ ንገሪኝ» አለችኝ። ብነግራት ብነግራት አልሰማ አለች፣ «ባሕር ዳር» ብላ ጻፈችው። ያ ወረቀት ከሌላው ማስረጃዬ ጋር አልገጥም ብሎ ለወራት አመላለሰኝ። የትራንስፖርቱን ወጪ ትቼ፣ ከሥራ የቀረሁባቸውን ቀናት ትቼ፣ ተወልጄ ያደግኩበትን መንደር «አለ፣ ሰው ይኖርበታል» ብዬ ምስክር ማምጣት ምን ያህል እንደሚያም የደረሰበት ነው የሚያውቀው። እናንተ ደግሞ ያቺ ጸሐፊ ያለችውን ነው በሺህ ለሚቆጠር አንባቢ ያተማችሁት።

እስቲ ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የባሕር ዳር ልዩ ዞን ሕዝብ 221,991 ነበር። ከዚያ ውስጥ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ የተቆጠረው 155,428 ነው። ቀንሱት። 66,563 ሰው ይቀራል። ይህ ሁሉ ሰው ከከተማዋ ወጣ ባሉት ቦታዎች የሚኖር ነው፣ በጢስ ዓባይ፣ በመሸንቲ፣ በዘጌና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች። የኛ መንደር ሰው እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። ቆጣሪው ቤት ለቤት ሲዞር እኛም ቤት ገብቷል፣ እናቴ ቡና አፍልታለታለች። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም፣ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረውም ተራዝሞ ቀረ። ያኔ አንቀልባ ላይ የነበሩ ልጆች ዛሬ ራሳቸው ልጅ ወልደዋል። መንግሥት ካልቆጠረን ጋዜጣ ደግሞ የለም ካለን፣ እኛ የት እንግባ?

ስለ ታሪኩም ልናገር። ዘገባችሁ የዘጌን ገዳም ከመሠረቱት ከአቡነ በትረ ማርያም ይጀምርና ወዲያው ዘልሎ ቱሪስቱ ጋር ይደርሳል። መሃል ላይ ያለውን ሕዝብ የት ጣላችሁት?

የአቡነ በትረ ማርያምን ነገር እኛም በኩራት ነው የምናወራው። ሽማግሌዎች ሲነግሩን፣ ለእሳቸው በተሰጠው ቃል መሠረት በዘጌ መሬት አይታረስም፣ ከብትም አይረባም። የተሰጠን ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ነው። ዛሬም በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ዘጌ ውስጥ አታገኙም። ጫካው እስካሁን የቆየው በዚህ ነው። ግን ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ አስባችሁታል? የማያርስ ሰው ጤፍም በቆሎም ገዝቶ ነው የሚበላው። ለመግዛት ደግሞ መሸጥ አለበት። እናቴ ቡናና ጌሾ አፋፍ ገበያ ታወርዳለች፣ በዚያው ጤፍ ትሸምታለች። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ሞሰቡ ባዶ ይሆናል። ቡና የሌለው ደግሞ እንጨት ይለቅማል፣ በደንገል ታንኳ ጭኖ ግማሽ ቀን እየቀዘፈ ባሕር ዳር ወስዶ ይሸጣል። ጫካው እየሳሳ ነው ብላችሁ የጻፋችሁት እውነት ነው። ግን እንጨቱን ማን ለምን እንደሚቆርጠው ሳትጽፉ አለፋችሁት፤ ጥቂት መነኮሳት ብቻ ካሉ ታዲያ ማን ነው የቆረጠው?

ደግሞ ዘጌ ትናንት የበቀለ መንደር አይደለም። ባሕር ዳር በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር በነበረችበት ዘመን የዘጌ ቡና በታንኳ ሐይቁን ተሻግሮ ጎንደር ይደርስ ነበር። ነጋዴ ከሩቅ ይመጣ ነበር። ባሕር ዳር እንደ ከተማ ማደግ የጀመረችው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው፣ በኋላ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሲመጡ ደግሞ ጥላን ሄደች። ዛሬ የከተማዋ ዳር ተብለን ነው የምንጠራው። ይሁን። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ የጻፈው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ግን በ1860 ዓ.ም. የተወለደው ዘጌ ነው። አማርኛ ለሚጽፍ ጋዜጣ ይህን መዘንጋት ያሳዝናል።

አሁን የምጽፈው ደግሞ ለእኛ ለራሳችንም ከባድ ነው። ዘገባችሁ «መነኮሳቱ ለዘመናት የተከሉትና የጠበቁት የቡና ጫካ» ይላል። የዘጌን ቡና የኮተኮቱት መነኮሳት ብቻ አይደሉም። የጉልበቱን ሥራ የሠሩት ብዙዎቹ ከምዕራብ የአገራችን ክፍልና ከጠረፍ በባርነት የመጡ ሰዎች ናቸው። ባለቡናው ነጋዴም ካህንም ባሪያ ነበረው። ይህ የጥንት ዘመን ታሪክ አይደለም፣ እስከ ጣሊያን መምጫ ድረስ የነበረ ነው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬም በሕይወት አሉ። የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ዘጌ ይኖራሉ፣ ከእኛ ጋር ቡና ይለቅማሉ፣ ከእኛ ጋር ያስቀድሳሉ። በልጅነቴ «ከእነ እገሌ ቤት አይጋቡም» ሲባል እሰማ ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ አያቴ ዝም ትል ነበር። ዝምታዋ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

እነዚህ ሰዎች ያን ጊዜ ስማቸው አልተጻፈም፣ ልፋታቸው በሌላ ሰው ስም ተነገረ። ዛሬ ደግሞ እናንተ ስለ ያው ቡና ስትጽፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሰረዛችኋቸው። ሆን ብላችሁ ነው አልልም። ግን ከመነኮሳት በቀር ሰው የሌለበት ደሴት ያለ ጽሑፍ ሌላ ምን ሊጽፍ ይችላል? ቃሏ ሁሉን ነገር ዘጋችው። ባሪያ የነበረውንም፣ ነጋዴውንም፣ አፋፍ ላይ ሱቅ ያላቸውን ሙስሊም ጎረቤቶቻችንንም፣ ታንኳ ሠሪውንም፣ የቄሱን ሚስትም፣ እናቴንም።

ዘገባውን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፣ ጋዜጣ ላይ ስለ ዘጌ ወጣ ስላት ግን ደስ ብሏት ነበር የምታዳምጠው። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ «እንደገና በይው» አለችኝ። ደገምኩት። ትንሽ ቆየችና «እኛን አላዩንም እንዴ? በደጃችን እኮ ነው ያለፉት» አለች። በደጃችን ነው ያለፋችሁት፣ ልክ ናት። ወደ ኡራ የሚወጣው ሰው ሁሉ በእኛ ዘመዶች አጥር ስር ነው የሚያልፈው፤ ቡናው መሬት ላይ ተሰጥቶ ያየዋል፣ «እንዴት አደርሽ» ሲባልም ይሰማል።

ዘጋቢያችሁ ደግሞ ቢመጣ በጀልባ አይምጣ። ከባሕር ዳር መኪና ይያዝ፣ በገበያ ቀን አፋፍ ይውረድ። ጌሾ ተራ ላይ ይቁም፣ ትምህርት ቤቱ ሲለቀቅ በሩ ላይ ይቁም፣ ልጆቹን ይቁጠር። ከዚያ ሽማግሌዎቹን አግኝቶ ስለ ገዳማቱም፣ ስለ ንግዱም፣ ስለ ባርነቱም ይጠይቅ። አንዳንዱ ይሸሸዋል፣ አንዳንዱ ያወራዋል። የእናቴን ቤት ማንም ያሳየዋል። ጀበናዋ ላይ የሚጣደው ቡና ከጓሮ የተለቀመ ነው።

እስከዚያው ግን እርማቱን በሚቀጥለው እትም፣ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ አውጡልን። ዳር ላይ በደቃቅ ፊደል ተሸጉጦ ሳይሆን ሰው በሚያየው ቦታ ላይ። «የዘጌ ደሴት» የሚለው «የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት» ይባል። «ጥቂት መነኮሳት ብቻ የሚኖሩበት» የሚለው ይውጣ። «መነኮሳቱ የተከሉት» በሚለው ቦታ ቡናውን በባርነት የኮተኮቱት ሰዎችም ይጠቀሱ። እትሙ ሲወጣ ለእናቴ ደውዬ አነብላታለሁ።

የአፋፍ ልጅ፣ ከባሕር ዳር