የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነው ወይስ አይደለም?

ይድረስ ለምወድህ አብሮ አደጌ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዝም ከተባባልን ዓመታት አለፉ። ኑሮ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም። አሁን ግን አንተን ሳላማክር የማላልፈው ነገር ገጠመኝ።

እዚህ ኦሃዮ ውስጥ ያለው የኦበርሊን ኮሌጅ ሙዚየም ከመዳፍ የምታንስ የአንድ ሐበሻ ወጣት ሥዕል አለችው። ጆቫና ጋርዞኒ የምትባል ጣሊያናዊት በ1635 ሣለችው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እንደ አውሮፓ መኳንንት ለብሷል። ስሙ ጸጋ ክርስቶስ ነው። ማንነቱ ግን ሲያከራክር ኖሯል።

እሱ "የዐፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ" ይል ነበር። ያዕቆብን አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ በ1607 ጎል ላይ ከሱስንዮስ ጋር ተዋግቶ የወደቀው ነው። ወጣቱ እንደተናገረው ሱስንዮስን ሸሽቶ በሱዳን ስናር በኩል ግብፅ ገባ። ኢየሩሳሌም ደረሰ፣ ካቶሊክ ሆነ፣ ከዚያ ሮም፣ ቱሪን፣ ፓሪስ። በየሄደበት እንደ ልዑል ተቀበሉት። በ1638 ፓሪስ አጠገብ ሩዌል ላይ በወጣትነቱ ሞተ። ፈረንሳዮቹ ደግሞ "እዚህ የተኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ ዋናው ነው ወይስ ቅጂው" የሚል ግጥም ገጠሙበት። እኔን አናደደኝ። በሰው አገር ለሞተ ልጅ እንዲህ ይባላል?

ጥርጣሬው ግን ከመሬት አልተነሣም። የያዕቆብን መሞት ያላመነ ሰው ብዙ ነበር። ከጎል ጦርነት በኋላ ደብረ ቢዘን ገዳም ላይ አንዱ "ያዕቆብ ራሴ ነኝ፣ አልሞትኩም" ብሎ ተነሥቶ ነበር አይደል? ፊቴ ቆስሏል እያለ ይሸፋፈን የነበረው። በዚያ ዘመን የያዕቆብ ስም ጦር ያስከትታል። ባሕር ማዶ ደግሞ በር ያስከፍታል።

እውነቱን ልንገርህ፣ የያዕቆብ ልጅ አይመስለኝም። ዛሬ ያጠኑትም አስመሳይ ነው ወደማለቱ ያደላሉ። ሆኖም "አስመሳይ" ብለን ስንዘጋው የሚቀርብን ነገር አለ። ከሥዕሏ ጀርባ የሠዓሊዋ ስም በጣሊያንኛ ብቻ ሳይሆን በእኛው ፊደል ተጽፏል! በ1635 ቱሪን ላይ፣ አስበው። እሱ ካላሳያት ማን ያሳያታል? እንግዲህ ቢያንስ ፊደል የቆጠረ ልጅ ነው። ደብተራ ይሁን፣ የመነኩሴ ደቀ መዝሙር ይሁን፣ የባላባት ልጅ ይሁን፣ እናት አባት ነበሩት፣ ያስተማረው የኔታ ነበረው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ማንነቱ ነው። የንጉሥ ልጅነቱን ሁሉም ጠየቀ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀለትም።

አንተ የሱስንዮስን ዜና መዋዕል ደጋግመህ ያነበብክ ሰው ነህ። ስለ ያዕቆብ ልጆች የሚል ነገር ካለ ፈልግልኝ። አንድ መስመርም ብትሆን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ስልኬ የድሮው ነው፤ ሌሊትም ቢሆን ደውል፣ አነሣለሁ። ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ