የሽንፋ ድንጋዮች ልኬት

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በመተማ አካባቢ፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ስለተገኙት የ74,000 ዓመት የድንጋይ መሣሪያዎች ሲወራ፣ ቀስት እንደተገኘ ተደርጎ መነገሩ ያሳስበኛል። እንጨትና ጅማት ይበሰብሳሉና የተገኙት ትናንሽ ባለሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎች ናቸው፤ ቀስት ሳይኖር አይቀርም ወደሚለው ግምት የሚያደርሰው ቅርጻቸውና ልኬታቸው ነው።

የአንድ ጫፍ ትልቁ ስፋትና ውፍረት ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ድንጋዩ ሲወጋ የሚከፍተውን ቀዳዳ መጠን ያመለክታል። 16 ሚሊሜትር ስፋትና 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጫፍ 32 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል፤ ይህም ከእጅ ጦር ይልቅ ለፍላጻ የሚቀርብ ነው። ሆኖም ትልቅ የነበረ ጫፍ ደጋግሞ ሲሳል ያንሳል፣ ጥሬ ዕቃው ትንሽ ጠጠር ከሆነም መሣሪያው ከመነሻው ትንሽ ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ድንጋይ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም፣ ስብስቡ ከነስብርባሪው መለካት አለበት። በዚያው ሥፍራ፣ በኢንዶኔዥያ ከደረሰው የቶባ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ በኋላ፣ በነዋሪዎቹ ምግብ ውስጥ የዓሣ ድርሻ መጨመሩ የታወቀውም የአጥንቱ ስብስብ በየንብርብሩ ተቆጥሮ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች ቅርስ ሲባል ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው በፋሲል ግንብ ላይ ነው፤ ይህም አያስወቅሰንም። ነገር ግን በቆላው ወንዝ ዳር ያማረውን ድንጋይ መርጦ የሚያነሣ ሰው የቀረውን ስብስብ አማካይ ያዛባል፣ የተነሣውም ቦታው ካልተመዘገበ ለጥናት አይበቃም። ስለ እነዚህ ቅርሶች በምታወጡት ጽሑፍ ሁሉ ከፎቶግራፉ ጎን የልኬት ሠንጠረዡንም እንድታትሙ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከጎንደር