የፒያሳን ቤቶች በመርፌ እንመዝግባቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ፎቶ አነሳን። ደግ አደረግን። አሁን መለስ ብዬ ሳያቸው ግን ግማሹ አቧራ፣ ግማሹ ኤክስካቫተር ነው። ደረጃው ከሰገነቱ ጋር እንዴት እንደተጋጠመ፣ የክፈፉ የእንጨት ጌጥ እንዴት እንደተቆረጠ ከነሱ አይታወቅም። የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ ያለበት ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ለቀሩት ቤቶች ኤቺንግ የሚባለው የኅትመት ሥዕል ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሠዓሊው የመዳብ ወይም የዚንክ ሰሌዳ ሰም ቀብቶ በመርፌ ይጭራል። አሲዱ የተጫረውን ብቻ ይበላል። ጭረቱ ቀለም ይሞላና እርጥብ ወረቀት ላይ ይታተማል። በመርፌ ማድበስበስ ይከብዳል፤ የቤቱን ሳንቃ ለመጫር መጀመሪያ ሳንቃውን ማየት ግድ ነው። ከአንዱ ሰሌዳም ብዙ ቅጂ ይወጣል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ሜሪዮን የድሮዋን ፓሪስ በዚህ መንገድ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1854 ነበር። የፓሪስ አስተዳዳሪ የነበረው ባሮን ኦስማን ከተማዋን አፍርሶ እንደ አዲስ የሠራትም በዚያው ዘመን ነው። ሜሪዮን በኋላ ሰማዩ ላይ ፊኛና ትልልቅ ወፎች ጨምሯል፤ ድልድዩንና ቤቱን ግን ሰው ዛሬም ከሱ ሥራ ያያል።

እኛ ጋ ቅር የሚለኝ ማሳመር ነው። ለቱሪስት በሚሸጡት ሥዕሎች ላይ የመብራት ሽቦ የለም። ቆርቆሮ የተለጠፈበት ግድግዳ የለም። የሱቁ ማስታወቂያም የለም። ቤቱ ግን ከነዚህ ጋር ነው የኖረው፤ እንዳለ ይሣል። ሌላው፣ ኅትመት ግራና ቀኝን ይገለብጣል። በአንድ ኤግዚቢሽን ላይ በደንብ የማውቀው የፒያሳ ቤት ደረጃው በተቃራኒው በኩል ሆኖ አየሁት። ለሳሎን ጌጥ ምንም አይደለም፤ ለመዝገብ ግን ስህተት ነው። ሠዓሊው ሰሌዳው ላይ ገልብጦ ይጫር፤ ካልሆነም ከሥሩ ይጻፍልን።

ሥራውን የሚችሉ ልጆች አሉን። የአለ ሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ኅትመት ያስተምራል። ጋዜጣችሁ በሳምንት አንድ ሥራ፣ የሰፈሩ ስምና የተሣለበት ቀን ተጽፎበት፣ ቢያወጣ ተማሪዎቹ ይነሳሳሉ። አንድ አንድ ቅጂ ለወመዘክር ይሰጥ። በ2007 ዓ.ም. ጥር ላይ እሳት ከጎዳው ከጣይቱ ሆቴል ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ ያ የእንጨት ደረጃ።

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከአራዳ